በጋዜጣ የሞትኩበት ሳምንት

ለታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጉልበትህ እንዴት ነው? ያ ሳልስ ተወህ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ጋዜጣው ከሚለው በጣም የተሻልኩ ነኝ።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ሱቅ አልሄድኩም። ሻዬን ይዤ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የማክሰኞውን ጋዜጣ ለስንተኛ ጊዜ እያየሁ እበግናለሁ። ለመጋረጃ ሱቄ ማስታወቂያ ከነፎቶዬ ሰጥቼ ነበር። ፎቶዬን ወስደው የአንዲት አዛውንት የሞት ማስታወቂያ ላይ ለጠፉት! የሟቿን ደግሞ «አዳዲስ መጋረጃዎች አስገብተናል» ከሚለው በላይ። ነፍሷን ይማርና፣ እሷስ ምን በደለች? «በሰማንያ አንድ ዓመታቸው» ይላል ደግሞ። እኔ የሃምሳ አራት ዓመት ሴት! መሞቴንስ እሺ፣ ሃያ ሰባት ዓመት የጨመሩብኝ በማን ፈቃድ ነው?

ስሙ የእኔ አይደለም፤ ግን ስም ማን ያነባል? ሰው ፎቶ አይቶ ነው እዬዬ የሚለው። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ በሩን ስከፍትላት ጮኻ ደረጃው ላይ ዘፍ አለች። ነፍሷ ሲመለስ «ወይ አንቺ፣ ያን ሁሉ እንባ በከንቱ አስፈሰስሽኝ!» ብላ ተቆጣችኝ። ሱቅ ስሄድ ደግሞ የጎኔ መጋረጃ ነጋዴ እንባውን እየጠረገ ደንበኞቼን «እስከዚያው እኔ ጋ ግቡ» ሲል ደረስኩበት። በዚህ እንኳ አልፈርድበትም፤ እኔም አደርገው ነበር።

አዘጋጁ ጋ ደወልኩ። «ትንሽ ስህተት ናት እኮ፣ እናቴ» አለኝ። ሞት ትንሽ ከሆነ ትልቁ ምን ሊሆን ነው? ማስተካከያውን ዓርብ አወጣለሁ ብሎ ማለልኝ።

እንደ ልማዴ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደደወለ በዕለት ማስታወሻዬ ጻፍኩ። ያንተ ስም የለም። በዚህ ተቃጥዬ፣ ስድብ ስድቡን መርጬ ልጽፍልህ ተነሥቼ ነበር። ትናንት ግን ልብስ ሰፊዋ አንድ ነገር ነገረችኝ። ማክሰኞ ጠዋት ወደ እኔ ስትመጣ፣ ቀኝ ትከሻው ዘንበል ያለ ሰውዬ ጋዜጣ በብብቱ ወሽቆ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ከበሬ ማዶ ቆሞ ነበር። «መንገዱን አልሻገር አለ እንጂ እየተንሰቀሰቀ ነበር» አለችኝ።

ጋሼ፣ አንተ የማተሚያ ቤቱን አድራሻ ሳይቀር የምታነብ ሰው፣ ስሙን ሳታይ ነው የሮጥከው?

መሐላህንማ አውቃለሁ። እናታችን ከማን ጋር ትኑር ብለን የተጣላን ዕለት «አንቺ በሕይወት እያለሽ ቤትሽን አልረግጥም» አልክ። ይኸው ስድስት ዓመት፤ እሷም አለፈች። ግን ቃልህን አጥርተህ ስማው፦ በሕይወት እያለሁ ነው ያልከው። ከሞትኩማ ምን አቆመህ?

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት አዘጋጁ ጋ ደግሜ ደወልኩና ማስተካከያው እሁድ እንዲወጣ አደረግሁ። ሰውየው ግራ ገብቶት ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። እስከ ቅዳሜ በጽሑፍ ሙት ነኝ፤ ብትገባ መሐላህ አይፈርስም። ከእሁድ በኋላ ግን ኃላፊነት አልወስድም።

ይህን በልብስ ሰፊዋ እጅ ልኬዋለሁ፤ መልሱን በእግርህ አምጣው። ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልኝ፣ ክፉ አይንካህ።

ሟች ታናሽ እህትህ