ከኋላችን የምትመጣው ጀልባ

በመርከብ ሆድ ውስጥ ከሞተር ጋር ለሚታገለው ለወንድሜ ለብራንዱር፤

ይህን ደብዳቤ ቆመህ እንዳታነበው። ተቀመጥ። ኮፍያ ካደረግህም አውልቅ። ቤታችን ላይ ከባድ ነገር ወድቋል፤ መርዶውን እንዳደርስህ ዕጣው የወጣው በእኔ በታናሽ እህትህ በሱንቫ ነው። እማዬ ግን ትከሻዬ ጋ ቆማ “ጤናውን ሳትጠይቂ ወሬ ትጀምሪያለሽ፣ ባለጌ!” እያለችኝ ስለሆነ ሰላምታው ይቅደም። እንደምን ከረምህ? ጤናህስ? ያ ወገብህስ ተሻለው? የእማዬ ሹራብ ክርኑ ላይ ተቀደደ ወይስ እንደያዘ ነው? እዚያ ሞንቴቪዴዮ አሁን ብርድ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው ወይስ እያሞኙን ነው? እኛ ደኅና ነን። በጎቹም ደኅና ናቸው። አባዬን ጉልበቱን ያመዋል እንጂ አፉን አላመመውም።

አሁን ወደ መርዶው። ሪታን፣ አባዬ ለቀዘፋ ማኅበራችን በእጁ የሠራትን ጀልባ፣ መቼም አልረሳሃትም። የሴቶቹ ቡድን በዓመታዊው በዓል የቀዘፋ ውድድር ሁለት ዓመት በተከታታይ ጭራ ስለወጣ የማኅበሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ዘንድሮም ጭራ ከሆንን ሪታ ለቬስትቪክ መንደር ትሰጥ ብለው ወሰኑ። ለቬስትቪክ! አጥር እንኳ ቀጥ አድርገው መቀባት ለማይችሉት! አባዬ ከስብሰባው ቤት ገብቶ ሾርባውን በሹካ ሲበላ አየሁት።

ዘንድሮም እንደ አምናና ካቻምናው መሪውን የያዝኩት፣ ምቱንም የምጣራው እኔ ነኝ፤ አጭር ነኝ፣ አፌም አይዘጋም። እህታችን ማርዩን ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች፣ ሌሎቹ አምስቱ የእሷን መቅዘፊያ ይከተላሉ። አሠልጣኛችን አስተማሪው ቴይቱር ነው፤ ያ ቦርሳው ውስጥ የዓሣ ጭንቅላት የከተትኩበት። ከዴንማርክ አዲስ ነገር ተምሮ መጣ፦ ውድድሩን ዐይን ጨፍኖ በሐሳብ መቅዘፍ። ከእራት በኋላ የጀልባ ቤቱን በር እንዘጋለን። ሪታ እንጨት ላይ ተቀምጣ፣ ስድስቱ ያለ መቅዘፊያ ገብተው ይጨፍናሉ። እኔ ውድድሩን ከመነሻ እስከ መድረሻ አወራላቸዋለሁ፣ እነሱ ባዶ እጃቸውን ይስባሉ። “እያንዳንዱን ምት እዩት፣ ውኃው ይሽተታችሁ” ይላል ቴይቱር፣ ድምፁን እንደ ቄስ ዝቅ አድርጎ። መጀመሪያ ላይ ሳቄን ለመያዝ ጣቴን ነክሼ ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን ባሕር ላይ ስንወጣ ስድስት መቅዘፊያ እንደ አንድ መምታት ጀመረ።

ታውቀኛለህ፣ ጸጥታ ሲበዛ ያሳክከኛል። አንድ ቀን የሐሳቡ ውድድር መሃል ላይ ሲደርስ በሹክሹክታ “ከኋላችን ጀልባ እየመጣች ነው። ግራጫ ናት። የየትኛውም መንደር ቀለም የላትም” አልኳቸው። ቀዛፊ ፊቱ ወደ ኋላ አይደል? ስድስቱም በተጨፈነ ዐይናቸው አዩዋት። እንዴት እንደሳቡ! ላብ በላብ ሆኑ። ቴይቱርም ደስ ብሎት ይህችን ጀልባ በየቀኑ አምጪልን አለኝ።

ከዚያ ነው ነገሩ የተበላሸው። በሌላ ቀን ቶራ፣ ያቺ ከሁሉም ርቃ ጫፍ ላይ የምትቀዝፈው፣ ዐይኗን ገለጠችና “መሪ የሚይዝላት ሰው የለም እኮ” አለች። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልወጣኝም! “እኔም አየሁ። ጭራዋ ላይ ያለው ወንበር ባዶ ነው” አለች ሌላዋ። ማርዩን ደግሞ እጇን እያሻሸች “የሚጣራላቸው ስለሌለ መቅዘፊያው ብቻ ነው የሚሰማው” አለች። ደነገጥኩና ጀልባዋን ማንሳት ተውኩ። ብተዋትም መምጣቷን አልተወችም፤ ዐይናቸውን በገለጡ ቁጥር ቀርባለች ይሉኛል። አንድ ጠዋት ማርዩን ገንፎዋን እያማሰለች “ዛሬ ልትነካሽ ምንም አልቀራት” አለችኝ። ለምን እኔን ብላት፣ “ጭራ ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሻ። መሪ የሚይዝላት ሰው ትፈልግ ይሆናላ” ብላ ገንፎዋን ቀጠለች።

ከዚያ ወዲያ ጀርባዬን ለግድግዳ ሳልሰጥ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። ማዕድ ላይም እንደዚያው። አባዬ “ይቺ ልጅ ዕዳ አለባት እንዴ፣ በር በሩን የምታየው?” አለ።

የበዓሉ ቀን ቶርስሃቭን ወደብ ላይ ጭጋግ ተኝቶ ነበር። አምስት ጀልባዎች ተነሣን። መሪ የያዘ ሰው በፍጹም እንዳይዞር ቴይቱር አስጠንቅቆኛል፤ ትከሻዬ ከዞረ እጄም ይዞራል፣ ጀልባዋም ትጣመማለች። መሃል ላይ ስንደርስ የማርዩን ዐይን ከፊቴ ተነሥቶ በትከሻዬ ላይ አለፈ። ከዚያ የሌሎቹም፣ ስድስቱም፣ አንድ ቦታ ላይ ተተከለ። ማርዩን አመድ መስላ “ሱንቫ፣ እንዳትዞሪ” አለች። ያኔ ሰማሁት፦ ከጀርባዬ፣ ቅርብ፣ የመቅዘፊያ ምት። የሚጣራ ሰው ድምፅ የለበትም። ሪታን አሰብኩ፣ የአባዬን ሹካ አሰብኩ፤ ዐይኔን መድረሻው ላይ ቸንክሬ “ሳቡ! ሳቡ!” እያልኩ ጮኽኩ። ቀልድ አንድ ቃል አልወጣኝም። አንዷን ጀልባ ከኋላችን እንደጣልን አራተኛ ገባን።

ዳር ስንደርስ ስድስቱ ሆዳቸውን ይዘው ይንከተከታሉ። ለካስ ጀልባዋን በፈጠርኩ ማግስት ቶራ ቤት የሩባርብ ኬክ እየበሉ ተማክረውብኝ ነው! ምን እንደሚያዩ፣ ማን ምን እንደሚል፣ ሁሉንም ተከፋፍለውታል። “አምናና ካቻምና መሃል ላይ እያሳቅሽን ነው ጭራ የወጣነው” አለችኝ ቶራ። “አንቺን ዝም የሚያሰኝ ደግሞ ፍርሃት ብቻ ነው። እኛም ዐይናችን የሚያርፍበት አገኘን፤ የሚያየንን ሕዝብ ረሳነው።” አባዬ ሪታን በመዳፉ እየዳበሰ አለቀሰ፤ የባሕር ፍንጣሪ ነው ይላል፣ እኛም እሺ ብለነዋል።

ማታ ዕቃ ስናጥብ ማርዩንን “እሺ፣ የመቅዘፊያውንስ ድምፅ እንዴት አደረጋችሁት?” አልኳት። “የምን ድምፅ?” አለች። ከኋላችን የቀረችው የቬስትቪክ ጀልባ ብቻ ነበረች፤ እሷም ሩቅ ነበረች፣ መሪዋን የያዘችው ደግሞ ጩኸቷ አይስላንድ የሚሰማ ሴት ናት። ማርዩን ሳቋን አቆመች። አሁን እሷም ለባሕሩ መስኮት ጀርባዋን ሰጥታ አትቀመጥም፤ ማዕድ ላይ በግድግዳው በኩል ያለችውን አንዲት ወንበር እንሻማለን።

እማዬ ደረትህን ሸፍን ትልሃለች፤ የደረቀ የበግ ሥጋም ልካልሃለች፣ ብቻህን እንዳትበላው። አባዬ ሞተሩን ዘይት አታሳጣው ይልሃል፤ ናፍቄሃለሁ ማለቱ ነው። ማርዩን ግንባርህን ትስማለች። ውሻው ጫማህ ላይ መተኛቱን አልተወም። ለመርከቡ ሰዎች ሁሉ ሰላም በልልኝ፤ በተለይ ለዚያ ለሚያንኮራፋው። እና ከመርከቡ ጭራ ላይ ስትቆም፣ አንተ መዞር ስለማትከለከል፣ አንድ ጊዜ ዞር ብለህ እይልኝ።

ከባድ መርዶ ያልኩህ እንግዲህ ይኸው ነው፦ ከአምስት አራተኛ ወጣን፣ ሪታም ቤቷ ቀረች። ኮፍያህን መልስ፣ ይህን ያህል የሚያስወልቅ ነገር አልነበረም።

እህትህ ሱንቫ
ስካርቪክ፣ ኦገስት 4 ቀን 1987