ኡሚ ሐዋ ስድብ አትተረጉምም

ማክሰኞ

ሳቁብኝ። ያውም ሞንታርቦ በእጄ ይዤ።

ለሲስተር ጫልቱ ቅስቀሳ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው መንደር ሄደን ነው። ሲስተር አዋላጅ ነርስ ናት፣ የባምባሲ ልጅ። ዘንድሮ በግል ለክልል ምክር ቤት ትወዳደራለች። ዛሬ ተረኛ ስለሆነች "ሰዓዳ፣ አንቺ ሂጂና ስለ ገበያው ንገሪያቸው" አለችኝ።

ነገሩ ይሄ ነው። የመንደሩ ሴቶች ማንጎና ባሚያ የሚሸጡት አሶሳ መውጫ፣ አስፋልቱ ዳር ነው። አሁን ከዚያ ተነሱና ኮረብታው ላይ ወዳለው አዲስ ገበያ ሂዱ ተባሉ። እዚያ ውሃ የለም፣ ጥላ የለም፣ ሽንት ቤት የለም። ሲስተር የምትለው፣ እነዚህ ሳይሟሉ ማንም አይነሳ፣ ሴቶቹም የገበያ ኮሚቴው ውስጥ ይግቡ ነው። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት ባለሱቆች ብቻ ናቸው።

እኔ ደግሞ መናገር እችላለሁ። ትምህርት ከስምንተኛ አቋርጬ ነው፤ የቀረውን ከሬዲዮና ልብስ ሊያሰፉ ከሚመጡ ሰዎች ጋር በመከራከር ነው የተማርኩት። ጀመርኩ። ስለ ሌላው ተወዳዳሪ ስለ አቶ ግርማ፣ ስለ ክራባቱ፣ የመኪናውን መስታወት ሳያወርድ ሰላም ስለማለቱ፣ ምኑን አስቀረሁ። ላብ በላብ ሆንኩ። ስጨርስ ወደ ኡሚ ሐዋ ዞርኩ። ኡሚ ማለት እናቴ ነው፣ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራት። ከማንጎ ሻጮቹ ትልቋ እሷ ናት፤ በርታኛ አፍ መፍቻዋ ነው፣ ዓረብኛም አማርኛም ትችላለች። አስተርጓሚያችን እሷ ናት።

ሰው ሁሉ እሷን ይጠብቃል። በበርታኛ ሁለት ቃል ብላ ዝም። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

"ምን አልሻቸው?" አልኳት።

"ተናዷል አልኩ።"

በሷ አማርኛ ሁሉም ሰው ወንድ ነው። እኔም፣ ሲስተርም፣ ፍየሏም።

ረቡዕ

ወሬው ከኔ ቀድሞ ከተማ ገብቷል። ሙሉጌታ ጠዋት እያፏጨ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ ከአዲስ አበባ ተመድቦ ነው የመጣው፣ ቅስቀሳውን ያግዘናል። እኔ እዚያው ቆሜ ሲስተርን "እሁድ ክርክሩ ላይ እኔ ልናገር፣ ሰዓዳ ስሜታዊ ናት" ይላታል። እሱ ሲጮህ አቋም፣ እኔ ስጮህ ስሜት። ምናለ እንዲህ ያለ ዕድል ለኔም ቢሰጠኝ።

የእሁዱ ደግሞ እንደ ማክሰኞ ቀልድ አይደለም። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ተናጋሪ እዚያው መንደር ይከራከራል። የቀበሌው ሊቀመንበር "ሴቶቹ ይነሱ አይነሱ፣ መንደሩ ክርክሩን ሰምቶ የተስማማበትን አስፈጽማለሁ" ብሏል። ያንን ቀን ካበላሸን ሴቶቹ በማግስቱ ኮረብታ ላይ ናቸው። ሲስተር እስከ ዓርብ አስቤ እነግራችኋለሁ አለች።

ንዴቴን ይዤ ኡሚ ሐዋ ጋ ሄድኩ። ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ ባሚያ ትለቅማለች።

"ያን ሁሉ ተናግሬ 'ተናዷል' ብቻ?"

"አንተ ብዙ ተናገርክ። እኔ የምይዘው አጣሁ።"

"ስለ ክራባቱ ያልኩትስ?"

"ስድብ አልተረጉምም። ፊትህን አይተው ገብቷቸዋል።"

አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሳቁ። እሷ ቀና እንኳን አላለችም። "ውሃ የለም አልክ፣ አንድ ጊዜ። እሱን ልይዝ ስል ክራባት መጣ።"

ደህና ዋይ ሳልላት ተነስቼ ሄድኩ። ማታ ራት ስበላ ግን ክራባቱ ሳይሆን ውሃው ነው የታወሰኝ።

ሐሙስ

ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ባሚያዋን ሸጣ ስትመለስ "ነይ እስቲ ተቀመጪ" አልኳት፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እኔ ከስፌት መኪናዬ ፊት። አንድ ነገር እላለሁ፣ አቆማለሁ። የያዘችውን በበርታኛ ትለዋለች፣ ያልያዘችውን እጇን ታወዛውዛለች።

የተያዘልኝ፦ ውሃ የለም፣ አቧራ የለበሰ ማንጎ ማን ይገዛል። ጥላ የለም፣ ባሚያው ቀትር ሳይሆን ይጠወልጋል። ሽንት ቤት የለም፣ ሴት ቀኑን ሙሉ ምን ትሁን።

ያልተያዘልኝ፦ "የልማት ካባ የለበሰ ተንኮል"። ይቺን እንዴት እንደምወዳት።

"ካባውን ማነው የለበሰ?" አለችኝ።

"ማንም። አነጋገር ነው።"

"ማንም ካልለበሰ ተወው።"

ተውኩት። ያን ሁሉ የነደድኩበት ንግግር ተጨምቆ ተጨምቆ አንድ እፍኝ ሆነ። ትንሽ ከፋኝ። ግን እፍኙ ውስጥ ያለው አይነቃነቅም።

ዓርብ

ዛሬ እጄ ላይ ቦምብ የገባ መስሎኝ ነበር። ኮት ልታስጠብብ የመጣች ሴትዮ የአቶ ግርማ አማች አዲሱ ገበያ አጠገብ ቦታ ገዝቷል አለችኝ። ማን አየ? "ይባላል።" ልቤ ዘለለ። እሁድ ይቺን ወርውሬ ስቀመጥ ታየኝ።

ወደ ሲስተር ሮጥኩ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ጓንቷን እያወለቀች ሰማችኝ።

"ገዝቶ ከሆነስ?" አለች።

"እንዴት ገዝቶ ከሆነስ?"

"ገዝቶም ቢሆን ውሃ ካለው ገበያ ነው። ባይገዛም ውሃ ከሌለው ገበያ አይደለም። ደግሞ አላየሽም፣ ሰዓዳ። እኔ 'ይባላል' ብዬ መድኃኒት ብሰጥሽ ትውጪያለሽ?"

አረርኩ። ልትገባ ስትል ዞር ብላ "እሁድ አንቺ ነሽ" አለችኝ።

"ሙሉጌታስ?"

"ሙሉጌታ ጎበዝ ነው። ግን ሐዋ ንግግሩን ለመያዝ ትቸገራለች።"

ቅዳሜ

ገበያ ቀን። ሥራ በሥራ። ሙሉጌታ አኩርፎኛል፣ ሰላም ሲለኝ ስልኩን እያየ ነው። አልተደሰትኩም ብል ውሸት ነው።

እሁድ

እየተቻኮልኩ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌን ይቅር በሉኝ። ለማን እንደምለውም አላውቅ።

አቶ ግርማ ቀድሞ ተናገረ። እውነቱን ልናገር፣ አማርኛው ያምራል። ልማት የማይፈልግ ማነው አለ። ወይ አዲሱ ገበያ፣ ወይ ጭቃ ላይ መቀመጥ፣ ምረጡ አለ። ሲስተር ጫልቱ ለዚህ መንደር እንግዳ ናት አለ። እዚያ ላይ ደሜ ፈላ፤ የኔም አባት ከወሎ በሰፈራ ነው የመጣው፣ እኔ እዚሁ ተወልጄ እስከ ዛሬ "የየት አገር ልጅ ነሽ" እባላለሁ። መሃል ላይ ደግሞ ስለ ጭነት መኪናው አነሳ። አምና ፍሬን እምቢ ያለው መኪና የአንዷን ምንጣፍ ከነማንጎው ጨፍልቆት ሄዷል፣ ልጇ ለጥቂት ነው የተረፈች።

ሲጨርስ ሰዉ ወደ ኡሚ ሐዋ ዞረ። ለሁለታችንም አስተርጓሚ እሷው ነበረች፣ ሌላ አልተገኘም። አጠር አድርጋ ተናገረች። ሳቅ።

"ምን አለች?" አለ አቶ ግርማ። አንዱ ወጣት "ልማት ጥሩ ነው ብሏል አለች" ብሎ ነገረው።

"እናታችን፣ ሙሉውን ይተርጉሙላቸው እንጂ።"

"ሙሉው ነው።"

ፊቱን አየሁት። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፣ ማክሰኞ እኔ ነበርኩ የለበስኩት። መደሰት ነበረብኝ፤ ተደሰትኩም፣ ትንሽ። ግን የመኪናው ነገር ቀርቷል። የመኪናው ነገር እውነት ነው፤ ማንጎው አስፋልቱ ላይ ተዳምጦ በዓይኔ አይቻለሁ። ሳላስበው ተነሳሁ።

"ኡሚ፣ ስለ መኪናው ያሉት ቀርቷል። እሱን ንገሪያቸው።"

አየችኝ። "ያንተ ንግግር አይደለም እኮ።"

"የሳቸው ነው። እውነት ነው ግን።"

ሙሉጌታ ከኋላ ሻርፔን ሳበኝ፣ "ምን ሆነሻል" ይለኛል። ኡሚ ነገረቻቸው። ሳቁ ቆመ። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የዚያች ልጅ እናት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

የኔ ተራ ሆነ። አንድ አንድ እያልኩ፣ እየቆምኩ።

አቶ ግርማ ስለ መኪናው ያሉት ልክ ነው። ቆምኩ። ስለዚህ ሴቶቹ ከአስፋልቱ ይራቁ። ቆምኩ። ለመራቅ ግን ኮረብታ መውጣት አያስፈልግም፣ ከመንገዱ አጠገብ ካለው ቦይ ማዶ ባዶ ቦታ አለ። ወይ ገበያው ወይ ጭቃው ያሉት ልክ አይደለም፣ ሦስተኛ አለ። ኮረብታው ላይ ውሃና ጥላ ሽንት ቤትም ይሠራ፣ ያኔ ይሄዳሉ። ሲስተር እንግዳ ናት አሉ፤ እንግዳ ቢናገርም የአገር ልጅ ቢናገርም ውሃው የለም።

ኡሚ እያንዳንዷን ያዘች። ኮርቼባታለሁ፣ በራሴም።

አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው በበርታኛ ጠየቁ። ኡሚ ለአቶ ግርማ "ውሃው መቼ ይገባል? ይላል" አለችው። "ጠይቄ እነግራችኋለሁ" አለ። ሽማግሌው የመለሱትንም ተረጎመችለት፦ "ስትነግረን እንሄዳለን ይላል።"

ሊቀመንበሩ ተስማማ፦ ውሃው እስኪገባ ከቦዩ ማዶ። የኮሚቴውን ነገር ለበላይ አቀርባለሁ ብሏል፣ እንግዲህ ይቅረብ። ሴቶቹ ማን ይወክላችሁ ሲባሉ ተንጫጩ። ኡሚ ፊቷ ሳይለወጥ ወደ አማርኛ መለሰችው፦ "ሐዋ ይሁን ይላሉ።"

ሰኞ

ጠዋት በባጃጅ ሳልፍ ምንጣፎቹ ከቦዩ ማዶ ተሰልፈዋል። ሴቶቹ ቦዩ ላይ መሻገሪያ ቀርቀሃ አጋድመዋል። ኡሚ "ያ ሰዓዳ" ብላ ጠርታ ማንጎ ሰጠችኝ። ዋጋውን ተቀበለችኝ፣ ኮሚቴ ሆና እንኳ አልቀነሰችም።

ምርጫውን እንጃ። ሙሉጌታ ከተማው ውስጥ ግርማ ይበልጣል ይላል። ኩርፊያውን ትቷል፣ ሻይም ገዛልኝ። ሊሆን ይችላል። ሲስተር ብትሸነፍም ምንጣፎቹ ያሉበት አሉ።

ከሰዓት ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አቶ ግርማ፣ ሱሪ ይዞ። ክራባት አላደረገም።

"ይቺን ታሳጥሪልኛለሽ፣ ወይዘሮ ሰዓዳ?"

አዲሱን ሱሪ ለብሶ ቆመልኝ። ጎንበስ ብዬ እግሩ ስር ስፒል መሰካት ያዝኩ።

"ትናንት የኔን ወገን ደገፍሽ እኮ" አለኝ ከላይ።

"እርሶን አይደለም። መኪናውን ነው።"

ሳቀ። ከዚያ ስለ ኮረብታው ገበያ ጀመረ፣ የውሃ ቱቦው ለምን እንደዘገየ፣ ሌላ ቦታ ለምን እንዳልተገኘ። መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ አፌ ግን በስፒል ተሞልቷል። ብናገር እውጠዋለሁ። ሱሪው ሁለት እግር አለው፣ እኔም ቀስ ብዬ ነው የምሠራው። እስከ መጨረሻው ሰማሁት። የማላውቀው ነገር ነበረበት። አንዱ ደግሞ ጭራሽ አያስኬድም።

ስፒሉን አንድ በአንድ ከአፌ አወጣሁ።

"እሺ አቶ ግርማ። መጀመሪያ ያሉትን ልድገመው፣ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ።"

ቀሚሷን ልትወስድ የመጣች አንዲት ሴትዮ አግዳሚውን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።