ወባ አልነበረም

ኅዳር 15

ጠዋት። ሩዙን ሸራ ላይ አሰጣሁ። ዘንድሮ ፍሬው ሙሉ ነው። ዶሮዎቹ ዙሪያዬን ከበው ዓይን ዓይኔን ያያሉ፤ ዞር ብል አለቀልኝ። ባለቤቴ ገሰሰ አጨዳ ላይ ነው። የኔነህ ከትናንት ጀምሮ ጉና ነው፣ ከተራራ ተጓዦቹ ጋር። «ሜዳ እያለልህ ዳገት ምን ይሠራልሃል?» ብለው፣ «እማዬ፣ ፎገራን ከባጃጅ ውስጥ ብቻ እያየሁ ላርጅ?» አለኝ። ባጃጁን አጥቦ፣ በሸራ ሸፍኖ ነው የሄደው።

ማታ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ቢሆንም እጽፋለሁ።

ከቀትር በፊት መጡ። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ። አንድ ቃል ሳይናገሩ አወቅሁ። ገሰሰን ከማሳ አምጥተውታል፤ ማጭዱን እንኳ አላስቀመጠም። ደሳለው፣ የልጄ ጓደኛ፣ ከሁሉም ኋላ ቆሟል። በዚህ ሙቀት ወፍራም ጃኬት ለብሷል።

«ምን አገኘው?» አልኩ።

«ወባ» አለ ደሳለው። «ተራራው ላይ ወባው ተነሳበት፣ እትዬ።»

የኔነህ ሞተ።

ጻፍኩት። አሁንም አላመንኩም።

ኅዳር 16

ቀበርነው።

ኅዳር 20

ድንኳን ውስጥ ወሬው አንድ ነው። ዘንድሮ ወባው ክፉ ነው... የእገሌንም ልጅ አስተኝቶታል... ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ለምን አይነቀንቅ? በአጨዳ ወቅት እዚህ ወባ የማይገባበት ቤት የለም።

እኔስ ወባን አላውቀውም? ልጄን በየዓመቱ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ያልበዋል፣ ይለቀዋል። በማግስቱ ሾርባ ጠጥቶ ባጃጁን ያስነሳል። በአንድ ሌሊት እንዲህ ያደርጋል? አንዳንዴ ያደርጋል ይላሉ። አላውቅም...

ደሳለውን ጠራሁት።

«ትኩሳት ነበረው?»

«ራሱን አሞት ነበር። አስመለሰው። ትንፋሽ አጠረው።»

«ትኩሳት ነው የጠየቅሁህ። ግንባሩን ነክተሃል?»

«እትዬ፣ ውርጭ ነበር። የሁላችንም ግንባር ድንጋይ ሆኖ ነበር። ከኪሴ የወባ ኪኒን አውጥቼ ሰጠሁት። ጋቢ ደረብንለት። ሲነጋ እናወርደዋለን ብለን...»

ተነሥቶ ወጣ።

ታኅሣሥ 4

ጎረቤቴ እናኑ መጣች። «ወንዛዬ ፍል ውኃ ልውሰድሽ፤ ሰውነትሽ ይፈታል።»

«ሰውነቴ አልታሰረም።»

«ታዲያ ምንሽ ነው የታሰረው?»

«አፌ።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ደነገጥኩ... ሳቅ ቀርቶልኝ ኖሯል?

ታኅሣሥ 24

አርባው ወጣ። ነገ ወደ ጉና ሥር እሄዳለሁ፣ ልጄ ነፍሱ ወደ ወጣችበት ጤና ጣቢያ። ገሰሰ «ምን ልታመጪ?» አለ። ምን እንደማመጣ ባውቅማ አልሄድም።

ታኅሣሥ 26

ከደብረ ታቦር አልፎ ብርዱ ሌላ ነው። ነርሷ ጥሩብርሃን ትባላለች። ልጅ እግር ናት። ስሙን ስነግራት ቁጭ አለች።

«በበቅሎ ነው ያመጡት፣ ጠዋት በማለዳ። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ደሙን ወዲያው አየሁት እናቴ። ወባ የለበትም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ከፍታው። ከሜዳ ተነሥተው በአንድ ቀን እዚያ ድረስ ሲወጡ፣ አንዳንዱን ሰው ሳንባው ውኃ ይሞላበታል። ጎበዝ፣ ደካማ ብሎ አይመርጥም።»

«መድኃኒቱስ?»

«መውረድ ነው። ወዲያው። በዚያው ምሽት ቢያወርዱት ኖሮ...» አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ግን ሰማሁ።

«ይህን ለጓደኞቹ ነግረሻቸዋል?»

«ለአንዱ ነግሬዋለሁ። ወፍራም ጃኬት ለለበሰው።»

ታኅሣሥ 27

ያውቃል። ደሳለው ያውቃል። እያወቀ በለቅሶዬ መሀል ወባ አለኝ።

ልክሰሰው? ለምን? እሱም የሜዳ ልጅ ነው። ለእኛ ራስ ምታትና ማስመለስ ከመጣ ወባ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ባጠገቡ ብሆን እኔም ያንኑ ኪኒን አስውጠው ነበር። በዚህ አልፈርድበትም።

መዋሸቱ ነው። ወባ እያልን ከተውነው፣ ከዚህ ከተማ ሌላ ልጅ ይወጣል። ራሱን ያመዋል። ኪኒን ይውጣል፣ ጋቢ ይደርባል፣ ይተኛል። አይነሣም። ይህን ዝም ብዬ ላይ ነው? አላይም።

ጥር 3

ለገሰሰ ነገርኩት። «ይመልስልናል?» አለ። «የእኛን አይመልስም። የሌላ ሰው ልጅ ግን ይመልሳል።» እራቱን ሳይነካ ተነሣ።

ባጃጅ ተራው ሄድኩ። ደሳለው ሲያየኝ ሞተሩን አስነሣ።

«ነርሷን አግኝቻታለሁ።»

«ነርሷ ገና ልጅ ናት፣ ተሳስታ ነው። ወባ ነው እትዬ። ይተዉት፣ ነፍሱ ትረፍ።»

ተሳፋሪ ሳይጭን ሄደ።

የካቲት 11

ገበያ ላይ ስም አውጥተውልኛል። «ወባ አልነበረም መጣች!» ይላሉ ሩዝ ሻጮቹ። አንዷማ «ወባ አልነበረም፣ ዛሬ በስንት ትሰጪናለሽ?» አለችኝ።

ይበሉ። ቢያንስ ቃሉን ከአፋቸው ከተትኩት።

ነሐሴ 10

ሜዳው ውኃ ነው። መንገድና ማሳ አይለይም። ሩዙ አንገቱን ብቅ አድርጓል። የኔነህ በዚህ ወቅት ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ...

ዛሬ አልጽፍም።

ጥቅምት 20

መምህር አንለይ የተራራ ተጓዦቹ መሪ ነው። ከሌላ ዞን መጥቶ ነው እዚህ የሚያስተምረው፤ ከየኔነህ ቢበልጥ ጥቂት ነው። ዘንድሮም ኅዳር ላይ ጉና ሊወጡ ነው አሉ፣ ለልጄ መታሰቢያ። መታሰቢያ! ቢሮው ሄድኩ። ደሳለውም እዚያው ነበር።

«ከመውጣታችሁ በፊት ምን እንደገደለው ለሁሉም ንገር» አልኩት መምህሩን።

ወለሉን አየ። «እናቴ፣ እኔም ጠርጥሬያለሁ። ግን በዚያች ሌሊት የነበርነው ሁላችንም ነን። እንዲህ ነው ካልን... በምን ዓይናችን እንተያያለን?»

«እንግዲያው እኔንም ጻፈኝ። እወጣለሁ።»

ደሳለው ቀና አለ። «ተራራ ለእርስዎ አይሆንም፣ እትዬ።»

«ለልጄም አልሆነም።»

መምህሩ ጻፈኝ።

እናኑ ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ከሩዝ ማሳ ወጥተሽ ከጅብራ ጋር እስክስታ ልትወርጂ ነው? በይ ተመለሽ፣ ቅጠሉን አምጪልኝ!» ከዚያ ግን የልጇን ስኒከር አመጣችልኝ። ልኬ ነው። ቀለሙ ሮዝ ነው እንጂ።

ኅዳር 7

ገሰሰ በር ላይ ቆመ። የሚከለክለኝ መስሎኝ ነበር። ጋቢውን አውልቆ ሰጠኝ። «እዚያ ይበርዳል አሉ» አለ።

ኅዳር 9

ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። እግሬ የእኔ አይመስለኝም።

ትናንት ጠዋት ጀመርን። መምህር አንለይ ከፊት፣ ደሳለው ከኋላ፣ እኔ ከወጣቶቹና ከባለበቅሎው ጋር መሀል። የገብስ ማሳውን አልፈን ጓሳ ሣሩ ውስጥ ገባን። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፤ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም። ከዚያ ወዲያ ጅብራው በረጅም ግንዱ ሰው መስሎ ቆሟል። አየሩ ሳሳ። ጥቂት እራመዳለሁ፣ እቆማለሁ። ጭኔ ይቃጠላል።

«በበቅሎዋ ይውጡ እናቴ» አለኝ መምህሩ።

«ልጄ በበቅሎ አልወጣም።»

በኋላ ግን ወጣሁ። ለራሴ ምን ልዋሽ?

ከቀትር በኋላ ልጄ ያደረበት ቦታ ደረስን። ነፋስ መከለያ የድንጋይ ካብ ነው። ሁሉም ዞር ብለው ተዉኝ፤ አለቅሳለሁ ብለው ጠብቀዋል። አላለቀስኩም። እጄን ድንጋዩ ላይ አኖርኩና ተራራውን ተናገርኩት። «እኔ እናቱ ነኝ። እንዳልፈራሁህ እወቅ።»

ከዚያ ደሳለውን አየሁት። ድንኳን ይተክላል። ገመዱን ማሰር አቃተው። ያስራል፣ ይስታል፣ እንደገና ያስራል። ያስላል። ዳቦ ሲሰጡት ፊቱን አዞረ። ሲነሣ ተንገዳገደ፣ እጁንም ወደ ኪሱ ሰደደ።

«ምን ልታወጣ ነው?» አልኩት።

«ወባዬ ተነሣች መሰለኝ። በአጨዳ ጊዜ ልማዷ ነው። ብተኛ ይሻለኛል።»

መምህር አንለይ እኔን አየ፣ እሱን አየ። «ብንወርድስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ለወባ?» አለ ደሳለው። ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ሳል ሆነ።

ያኔ ገባኝ። ከወረደ አመነ ማለት ነው። ስለዚህ አይወርድም። ቢሞት አይወርድም። ዓመቱን ሙሉ ሳየው ደሜ የሚፈላበት ልጅ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል። ልተወው? ለአንድ አፍታ... አዎ፣ ለአንድ አፍታ አሰብኩት። ከዚያ ወደ እናቱ ወደ ዕንቁ ነጠላ አዘቅዝቀው የሚመጡትን ሴቶች አሰብኩ።

ብጮህበት አይሰማኝም። ስለዚህ ዋሸሁ።

ራሴን ይዤ ቁጭ አልኩ። «አሞኛል። መውረድ እፈልጋለሁ፣ አሁኑኑ።»

«እኔ ላውርድዎ» አለ መምህሩ።

«አይሆንም። የልጄ ጓደኛ ቆሞ እያለ በሌላ ሰው አልወርድም። ደሳለው ያውርደኝ። ወይስ የየኔነህን እናት እዚህ ጥለሃት ትተኛለህ?»

ክንዴን ያዘ። ማን ማንን እንደያዘ እኛ እናውቃለን። መምህር አንለይ የቀሩትን «ሁላችሁም ዕቃ አንሡ» አላቸው። ገብቶታል። አንዲት ልጅ «ጫፉስ?» አለች፤ መምህሩ የድንኳኑን ገመድ አስያዛት።

ጥቂት እንደሄድን ጉልበቱ ከዳው። መምህሩና ባለበቅሎው አንሥተው በቅሎዋ ላይ ጫኑት። እምቢ የሚልበት ትንፋሽ አልነበረውም። እኔ ጎን ለጎን እየሄድኩ እግሩን ይዤ አወራሁት። ስለ ሩዝ፣ ስለ ዶሮዎቹ፣ ያገኘሁትን ሁሉ። «አትተኛ» እለዋለሁ። «እሺ እትዬ» ይላል። ድምፁ ሲጠፋ ባቱን እቆነጥጠዋለሁ። «ኧረ እትዬ!» ይላል። ይህች «ኧረ» እንዴት ደስ ትላለች!

ገብሱ ጋ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ሳሉ ቀንሷል። ውኃ ጠየቀ። ጠጣ። ሲተነፍስ ሰማሁት... ሙሉ ትንፋሽ። ከበቅሎዋ ወረደ።

«ተሻለዎት?» አለኝ።

«እኔ ምንም አልሆንኩም።»

አየኝ። ከዚያ ኪሱን ዳበሰ፤ ኪኒኑን አወጣ። «አልዋጥኩትም» አለ። «ሳልውጠው ተሻለኝ... መውረድ ብቻ ነበር እንዴ እትዬ?»

«መውረድ ብቻ ነበር።»

መንገዱ ላይ ተቀመጠ። «ይዤው ነበር» አለ። «ጭኔ ላይ ነበር ራሱ። እናውርደው ብሎኝ ነበር መምህር፣ እኔ ነኝ ይተኛ ያልኩት። እኔ ነኝ እትዬ...» ከዚያ ወዲያ ቃል የለም፣ ለቅሶ ነው። እኔም ያለቀስኩት እዚያ ነው።

ጥሩብርሃን ጣቱን ወግታ ደሙን አየች። ወባ የለም። ኦክስጂን አድርጋለታለች፤ ተኝቷል። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። አያለሁ። አሁንም አያለሁ።

ኅዳር 15

ሙት ዓመቱ ዛሬ ዋለ። ጸሎቱ አለቀ፤ ሰው ቁጭ እንዳለ ደሳለው ተነሣ። ማንም አላዘዘውም።

«የኔነህን የገደለው ወባ አይደለም» አለ። «ከፍታው ነው። መውረድ ነበረብን፤ ይተኛ ያልኩት እኔ ነኝ። በኋላም ነርሷ ነግራኝ ደበቅሁ። ባለፈው ሳምንት እኔንም ይዞኝ ነበር። እትዬ ሙናዬ ባያወርዱኝ ዛሬ የምትበሉት የእኔን እዝን ነበር።»

እናቱ ዕንቁ ፊቷን ሸፈነች። ሰው ሁሉ ወደ ገሰሰ ዞረ። ይመታዋል ብለው ነው፤ እኔም ፈራሁ። ገሰሰ አግዳሚው ላይ ፈቀቅ ብሎ ከጎኑ ቦታ ለቀቀለት። ደሳለው ተቀመጠ።

ይቅር አልኩት? አላውቅም። ገና አልጠየቅሁም ልቤን። ምግብ ግን በእጄ አቀረብኩለት፤ በላ።

መምህር አንለይ ከዛሬ ጀምሮ ራሱን ያመመው ሰው ሁሉ ይወርዳል፣ ጓደኞቹም አብረውት ይወርዳሉ፣ ፈሪ የሚለው ካለ ከእኛ ጋር አይሄድም አለ። ሁለት ወጣቶች እኔ ጋ መጥተው ምልክቱን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ነገም እነግራለሁ። ገበያ ላይም፣ ባጃጅ ተራም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅም። ይሰለቹኝ። አልተውም።

ይህን ለራሴ ነው የጻፍኩት። አንድ ቀን ግን በማላውቀው ሰው እጅ ቢገባ፣ አንተ ያነበብከው፣ አንቺ ያነበብሽው፣ ከመክደናችሁ በፊት አንዲት ነገር አድርጉልኝ። የልጄ የክርስትና ስም ወልደ ገብርኤል ነው። ካህናቱም በዚያ ይጠሩታል። እናንተም በዚያ ስም ጥሩትና፣ አምላክ ያረፈበትን ቦታ የብርሃን እንዲያደርግለት ለምኑልኝ። በወባ የሞተው ብላችሁ ግን አትጥሩት። በሞቱ ሰው ያተረፈው ልጅ በሉት።