አብደላና ሌሎች

ኅዳር 4፣ ጠዋት

መብራት የለም። ፊቴን ሳልታጠብ በስልኬ የሒሳብ ጆርናሉን ከፈትኩ፤ እንደ ሁልጊዜው። ጽሑፋችንን አንድ ሰው ጠቅሶታል! በስንት ጊዜው። ልቤ ዘለለ። ከዚያ አነበብኩት። «አብደላና ሌሎች» ይላል። ሌሎቹ እኔና የሞቱት መምህራችን ነን።

በሒሳብ የጸሐፊዎች ስም የሚደረደረው በፊደል ተራ ነው። የአባቴ ስም ዘይኑ። በላቲኑ ፊደል የመጨረሻው። ሁሌም መጨረሻ ነኝ። እስከ ዛሬ ግድ አልነበረኝም።

ኅዳር 6

የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ጠራኝ። ኮንትራቴ የሚታደሰው ዋና ጸሐፊ የሆንኩበት ጽሑፍ ካለኝ ነው። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ደግሞ የሚታደሰው በኮንትራቱ ነው።

ሰብሳቢው የእርሻ ሳይንስ ሰው ነው። እነሱ ዘንድ መጀመሪያ የተጻፈው ሠሪው፣ መጨረሻ የተጻፈው የላቦራቶሪው አለቃ ነው። ስለ ፊደል ተራ አስረዳሁ። «ያ ዶክቶራ፣» አለኝ በዐረብኛ፣ ዶክተሯ ለማለት፤ «ታዲያ ላቦራቶሪሽ የት ነው?» ሁሉም ሣቁ። እኔም ሣቅሁ። ለምን ሣቅሁ?

ዋናውን ሥራ የሠራሁት እኔ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ ከአብደላ አምጪ ተባልኩ።

ኅዳር 7

አብደላ ደግ ሰው ነው። የጽሑፉን ቲዎረም ማን እንዳረጋገጠው ያውቃል። ያረጋገጥኩት እሱ ቢሮ፣ እሱ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ጠመኔ ያቀበለኝም እሱ። ግን የእሱም እድገት በዚሁ ጽሑፍ ነው፣ በዚሁ ኮሚቴ ፊት። ለመንኩት። ንጹሑን ጠረጴዛ በእጁ ጠረገ። ኢንሻአላህ አለ።

እዚህ ዐረብ አገር በስደት ያደግሁ ነኝ። የትኛው ኢንሻአላህ እሺ፣ የትኛው እምቢ እንደሆነ ይገባኛል።

ኅዳር 11

ጻፈ። አንድ መስመር። ሦስታችንም እኩል ሠርተናል ይላል።

ምን ልበለው፣ ማስታወሻዬ? የሒሳብ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጽፈው። ይሄ የኔ ነው ማለት ነውር ነው። እኔም በሱ ቦታ ብሆን... አላውቅም።

ሰብሳቢው ጽሑፉን ለሦስት አካፈለው። ሲሶ ጽሑፍ ኮንትራት አያሳድስም። ከፈለግሽ ይግባኝ በይ አለኝ።

ኅዳር 12፣ ከሰዓት

ይግባኝ አልልም። ይግባኝ ብል አብደላን ዋሸ ማለት አለብኝ። እድገቱ ይቀራል፣ የኔም ነገር መቃናቱ አይታወቅም። ብቻዬን የሠራሁት አዲስ ውጤት አለ። ጆርናሉ መልስ እስኪሰጥ ግን ኢቃማዬ ያልቃል።

እማ ሪያድ ሰፈር በሠራተኝነት የምትሠራበት ቤት ለልጆቻቸው አስጠኚ ይፈልጋሉ። ኢቃማ አይጠይቁም። ነገ አብረን እንሄዳለን። ሁለት ነገር ለመነችኝ፤ ዶክተር ነኝ እንዳልል፣ እንደሷ በጓሮ በር እንድገባ።

እሺ አልኳት።