አሥራ አንድ ሰከንድ

ለቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ፣

ሥራዬን ሰርቀኸኛል። ሰላምታው ይቆየን፤ መጀመሪያ ይህ ይጻፍ። የሳሙና ፋብሪካውን ማሽኖች የሚያዘውን ኮንትሮለር ፕሮግራም ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስምንት ወር ሙሉ፣ በእርሳስ፣ በአምስት ባለካሬ ደብተር። አንተ ዲፕሎማ ነበረህ፤ እኔ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ «ዲፕሎማ ያለው ሰው ይፈርምበት» ሲል ለብቻህ ፈረምክ። ኮንትሮለሩ በተቀመጠበት የብረት ሣጥን፣ በፓነሉ በር ላይ በተሰቀለው የናስ ሰሌዳም የአንተ ስም ብቻ ተቀረጸ። የኔስ ስም ብልህ «ቆይ፣ በኋላ እናስተካክለዋለን» አልከኝ። ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት ቆየሁ።

አሁን ሰላምታው። ለመሆኑ እንዴት ነህ? እግርህን መጎተት ተውክ ወይ? ሐኪሙ የከለከለህን ጨው ከታላቅ ልጅህ ቤት ጓዳ እየሰረቅክ እንደምትበላ ታናሿ ነግራኛለች። አመልህ አልለቀቀህም ማለት ነው። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ያለ መነጽር በመርፌ ቀዳዳ ክር አስገባለሁ። ይህን ደብዳቤ ራስህ አንብበው። ዓይንህ ቢደክምም እያረፍክ አንብበው እንጂ ለማንም አትስጥ፤ በተለይ ለታናሿ ልጅህ።

የምጽፍልህ ስለ እርሷ ነውና።

ያ አሮጌው ኮንትሮለር መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ፋብሪካው በአዲስ ኮንትሮለር ሊተካው ሲወስን ሥራውን የሚመራው ኢንጂነር ማን ሆነ? ያንተው ልጅ። ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ሽቦዎቹን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም አሉኝ። አንድ ሳምንት ብቻ ቢውሉልኝ» አለች። ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከፋብሪካው ማንም ጠርቶኝ አያውቅም። እሺ አልኳት። አምስቱንም ደብተሮች በቦርሳዬ ከተትኩ። እውነቱን ልንገርህ፤ የሄድኩት ለሽቦው ብዬ አይደለም። ሰሌዳህን ስታነብ ጠብቄ ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ ልዘረግፋቸው ነው የሄድኩት።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የፓነሉን በር ከፈተች። አቧራ የለበሰውን ሰሌዳ በእጅጌዋ ጠረገችና ባልደረቦቿን ጠርታ «ኑ እዩ፣ ይሄን የሠራው አባቴ ነው» አለች። ፊቷን ብታየው! እኔ የቦርሳዬን ዚፕ ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። መቶ ስልሳ ሽቦ ነው፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ያኔ በእጄ የጻፍኩት ቁጥር አለ። አንዱም አልደበዘዘም፣ አንዱም አልተዛባም። አሮጌውን ለማውረድ ሁለት ጎረምሶች አስፈለጉ፤ አዲሱን ልጅህ በአንድ እጇ ይዛ መጣች። ፕሮግራሙን ኮምፒውተር ወደ አዲሱ ቋንቋ ገለበጠው፤ ያልገባውን መስመር በቀይ ያሳያል። ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ መስመር የቀላው ዘጠኝ ብቻ ነው! አፉ የማያርፍ አንድ ቴክኒሽያን አላቸው። «እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በአንድ ገጽ ዘጠኝ እስታለሁ። እኚህ ሰውዬ ምን በልተው ነው የጻፉት?» አለ። እኚህ ሰውዬ ያለው አንተን ነው። እኔ ሽቦ መላጤን ቀጠልኩ፤ ግን ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ።

ልጅህ ጎበዝ ናት፤ ይህን ለማስደሰት ብዬ አልጽፍልህም፤ ታውቀኛለህ። ዘጠኙን ቀይ መስመሮች አንድ በአንድ ፈታቻቸው። ያልገባትን ገባኝ አትልም። እንደ አንተ ቸኩላም አትፈርምም።

በአራተኛው ቀን አንድ መስመር ላይ ቆመች። በሦስተኛው ታንክ የኮስቲክ ሶዳው ቫልቭ ከተዘጋ በኋላ የታንኩ መውጫ እስኪከፈት አሥራ አንድ ሰከንድ ጠብቅ የሚል ነው። በንድፉ ላይ ካለው የቧንቧ ርዝመት ስታሰላው አራት ሰከንድ ይበቃል። ወደ አራት ላውርደው አለች። ቴክኒሽያኑም «ያኔ ሰው ጊዜ ነበረው፤ ቀሪዋ ሰባት ሰከንድ ለሻይ ናት» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። እንዳትነኪው አልኳት። «ለምን፣ ጋሼ?» አለችኝ።

ለምን እንደሆነ አንተም አታውቅምና አሁን እወቀው። ንድፉ ላይ ቧንቧው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የተከሉት ሰዎች ግን ምሰሶ ሲገጥማቸው ከግድግዳው ጀርባ አዙረውታል። ውስጡ የቀረው ሶዳ ወርዶ እስኪያልቅ አሥራ አንድ ሰከንድ ይፈጃል። ጆሮዬን ቧንቧው ላይ ለጥፌ ሦስት ቀን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። አራት ቢሆን ያልተዋሃደ ሶዳ ከሳሙናው ጋር ይወጣል፤ ሰው ፊቱን ልታጠብ ሲል ቆዳው ይቃጠላል።

ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ላስረዳት እችል ነበር። አላስረዳኋትም። «አባትሽን ጠይቂው» አልኳት። ክፋት ነው፤ አውቄ ነው ያደረግኩት። እርሷም ስልኳን ሁሉም እንዲሰማው አድርጋ እዚያው ደወለችልህና ለምን አሥራ አንድ እንደሆነ ጠየቀችህ።

ዝም አልክ። በልቤ ቆጠርኩ፤ ከአሥራ አንድ አለፈ። አንድ ነገር ፈጥሮ ይናገራል ብዬ ነበር፤ ምላስህ ለዚህ መቼ ሰንፎ ያውቃል! ከዚያ «ችካሉ አጠገብሽ አለ?» አልክ። ይህን ቅጽል ያወጣህልኝ አንተው ነህ፣ ከቆምኩበት አልነቀልም ብለህ። አለ አለችህ። «እንግዲያው እሱን ጠይቂው። እኔ አላውቀውም። ያኔም አላውቀውም ነበር» ብለህ ዘጋህ።

ልጅህ ዞራ አየችኝ። ሃያ ሦስት ዓመት የጠበቅኳት ደቂቃ መጣች፤ ቦርሳው እግሬ ሥር ነው። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «አባትሽ አርጅቷል፤ ረስቶት ነው። አብረን ነው የለካነው። እሱ የእጅ ሰዓቱን እያየ፣ እኔ ጆሮዬን ቧንቧው ላይ አድርጌ» አልኳት። በዕድሜዬ ዋሽቼ አላውቅም ነበር፤ ያውም ላንተ!

ከግድግዳው ጀርባ ወሰድኳት። ቧንቧው ምሰሶውን ሲዞረው በዓይኗ አየች። ቫልቩን በእጅ አስከፍታ አስዘጋችና ፀጉሯን ወደ ኋላ አድርጋ ጆሮዋን ለጠፈች። ዓይኗን ጨፍና ቆጠረች። ቀና ስትል ጉንጯን ዝገት ነክቶታል። «አሥራ አንድ» አለች። ቴክኒሽያኑን ደግሞ «ሻይህን ቤትህ ጠጣ፤ ይቺ መስመር አትነካም» አለችው።

በስድስተኛው ቀን ማሽኑ ተነሣ። የማስነሻውን ቁልፍ እኔ እንድጫነው አደረገች። ታንኮቹ በየተራቸው ሞሉ፣ ማደባለቂያው ዞረ፣ ሦስተኛው ታንክ ጋ ሲደርስ ቆሞ ጠበቀ፤ እኔም ቆጠርኩ፤ ከዚያ ከፈተ። እንደ አሮጌው አይንጫጫም፤ ድምፅ የለውም። ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው በእርሳስ የጻፈው ነገር በአዲስ ሣጥን ውስጥ ገብቶ እንደገና ሥራ ጀመረ፤ እኔ ስሞትም ይሠራል። ማንም አላጨበጨበልኝም። አላስፈለገኝም። እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ፣ በዚህ ጉልበት!

ከዚያ በፊት ግን በሩ ድረስ ሸኝታኝ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ ቦርሳ ስድስት ቀን ሙሉ ሲከፈት አላየሁትም፤ ምን አለበት?» አለች። ምሳዬ ነው አልኳት። «ስድስት ቀን ሙሉ አንድ ምሳ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና «አባቴ በዕድሜው የእጅ ሰዓት አስሮ አያውቅም» አለች። ተውሶ ነበር አልኳት። «እሺ፣ ጋሼ» አለች። ለካ የናሱን ሰሌዳ ብሎኖቹን ፈትታ በጨርቅ ጠቅልላው ኖሯል። እጄ ላይ አኖረችና «እርስዎ ይላኩለት» አለችኝ። በወሩ መጨረሻ ወደ አንተ እንደምትመጣ እያወቀች ራሷ ለምን እንዳላመጣችልህ አልጠየቅኳትም። በአዲሱ ፓነል በር ላይ ሰሌዳ አልሰቀለችም።

ሰሌዳህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ስትመጣ ስለ ሰዓቱ ብትጠይቅህ ከእኔ የተዋስኩት ነው በላት። እኔ የምችለውን ያህል ዋሽቻለሁ፤ ከዚህ በላይ አታስዋሸኝ። ደብዳቤውን አንብበህ ስትጨርስ ቅደደው። ደብተሮቹን ወደ ቁም ሣጥኔ መልሻቸዋለሁ፤ እዚያው ይኖራሉ።

ጨዉን ተው። እግርህን ያበርታልህ፤ እንዲህ ያለችውን ልጅ የሰጠህ አምላክ ዕድሜ ጨምሮ የልጅ ልጅ ያሳይህ።

ይህን ነገር ከዛሬ በኋላ አላነሣውም። በደብዳቤ ብትጽፍልኝ አልመልስልህም፤ በእግርህ መጥተህ ይቅርታ ልትጠይቀኝ ብትቀመጥም ስለ ጉልበቴ አወራሃለሁ እንጂ አልሰማህም። ችካል ብለኸኝ የለ? አበቃ።

ወንድምህ