እንግዳ ስለጠጣው ቀዝቃዛ ውሃ

ለተከበሩ የክልሉ የኃይል ቁጠባና የሕዝብ ደህንነት ማስተባበሪያ ኃላፊ
ጋምቤላ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። በጥር ወር ከኢታንግ በታች ወዳለችው ክሊኒካችን በመጡ ጊዜ ሙቀቱ እጅግ አድክሞዎት ነበርና፣ አሁን እንደበረቱ ተስፋ አለኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ለምስጋና ነው፤ ምስጋና በር ተዘግቶ አይቀርብም።

አንደኛ፣ ስለ አስተዋይነትዎ አመሰግናለሁ። ያን ቀን ከመኪና ሲወርዱ ላብዎ ኮትዎን አርሶት ስለነበር፣ እኔ የክሊኒኩ ጤና ረዳት፣ ለእንግዳ ለብ ያለ የባሮ ውሃ ማቅረብ ነውር መስሎኝ፣ የኩፍኝ ክትባት ከምናስቀምጥበት በላምባ ከሚሠራው ፍሪጅ ሁለት ጠርሙስ ውሃ አውጥቼ ሰጠሁዎ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከክትባት ጋር ውሃ እንደማይቀመጥ ተምሬአለሁ። እርስዎም ሦስት ብርጭቆ ጠጥተው መረቁን። በወሩ የደረሰን ደብዳቤዎ ግን ክሊኒኩ የመንግሥትን ላምባ ለመጠጥ ማቀዝቀዣ እንደሚያባክን ገልጾ፣ ኮታችን መቆሙን አስታወቀን።

ሁለተኛ፣ ፍሪጁ የክትባት መሆኑን ሦስት ጊዜ ጽፈን ብናስረዳ፣ በምላሹ «ኃይል መቆጠብ ሕዝብን መጥቀም ነው» የሚል የቆርቆሮ ታፔላ ስለላኩልን እናመሰግናለን። ታፔላው ትልቅ ነው። ሕሙማን በጥላው ይቀመጣሉ።

ሦስተኛ፣ እርስዎ በመጡበት ቀን ኛሩአች የምትባል እናት የሰባት ወር ሴት ልጇን ታቅፋ ወረፋ ላይ ነበረች። ለኩፍኝ ክትባት ዘጠኝ ወር መሙላት ስላለባት ለመጋቢት ቀጠርኳት። በመጋቢት ግማሽ ቀን በታንኳ ተጉዛ መጣች። ክትባቱ በሙቀት ተበላሽቶ ስለጣልነው መለስኳት። በሚያዝያ ስትመጣ ልጅቱን ኩፍኝ ይዟት ነበር። ሕፃኗ በአራተኛው ቀን ሞተች።

አራተኛ፣ ክሊኒካችን ላምባ ባለማቃጠል ከወረዳው አንደኛ በመውጣቱ የላኩልን የምስክር ወረቀት ደርሶናል። ምስጥ እንዳይበላው ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጠነዋል፤ ቦታ አለ።

ስለ ውሃው የሚገባኝን ቅጣት ሁሉ እቀበላለሁ፤ ከደመወዜም ከሥራዬም ይሁን። ላምባው ግን ይመለስ ዘንድ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ። በሰኔ የምንከትባቸው አሥራ ሰባት ሕፃናት ቀጠሮ ይዘዋል፤ ኩፍኙ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም።

የቁጠባዎ ተቋዳሽ፣ የመመሪያዎ ታዛዥ፣ እስከ ጡረታዬም አክባሪዎ፣
መልአኩ ይግዛው
ጤና ረዳት
ግንቦት 1988 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ውሃውን ሲጠጡ ኛሩአች ታይዎ ነበር። እንደምጽፍልዎ ሰምታ፣ በዘበኛችን በኮንግ አስተርጓሚነት አንድ ጥያቄ እንዳደርስላት አዝዛኛለች፤ ለእንግዳው የቀዘቀዘው ለልጄ ለምን ሞቀ ትላለች። ጉዳዩ ከእኔ ሥልጣን በላይ ስለሆነ ወደ ክቡርነትዎ መርቼዋለሁ።