የትንሹን ሪሞት ይዤው ወጥቻለሁ

ልጄ፣

ሥራ ረፍዶብኝ ቆሜ ነው የምጽፍልህ። ምሳህ ድስቱ ውስጥ ነው፣ አሙቀህ ብላ።

ስለ ፒካፗ።
ከአልጋህ ሳትወርድ በሪሞት ልታስነሳት አምሮሃል። እሺ፣ ዛሬ መካኒኩ ሲመጣ ማስነሻውን ይግጠምልህ። ግን ሻጩ መርጣችሁ አንዱን መልሱልኝ ብሎ ከሰጠን ከሁለቱ ማስነሻዎች ትንሹ አይሆንም። ናፍጣ መሆኗን የት አውቆ! የሞተሯ ማሞቂያ ሳይግል ዝም ብሎ ነው የሚያስነሳት። ትልቁ ግን እስክትግል ይጠብቃል፤ ማርሽ ውስጥ ከሆነችም ጭራሽ አያስነሳትም።

አንተ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ አይዝም እያልክ ሁልጊዜ ማርሽ አስገብተህ ነው የምታቆማት፣ ያውም አፍንጫዋን ወደ መኝታ ቤቴ መስኮት አዙረህ። አንተ ብርድ ልብስህ ውስጥ ሆነህ ስትጫን እሷ ወደፊት ዘልላ እኔ ከነአልጋዬ ጎረቤት ልገኝ?

«እማዬ እኮ ማንቆርቆሪያ ሲፈላም ትደነግጣለች» ብለህ ሻጩን አሳቅኸው። እኔም አብሬ ሳቅሁ።
ይሁን።

መቼም እንደማትሰማኝ ስለማውቅ የትንሹን ሪሞት ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሳልጠይቅህ ስለወሰድኩት ይቅርታ። ትልቁ ጠረጴዛው ላይ አለልህ። ፍሬኑንም ለመካኒኩ አሳየው፣ አደራ።

ደግሞ መንገድ ላይ ቦርሳዬ ውስጥ ቢጫንስ ብዬ የሪሞቱን ባትሪ አውጥቼዋለሁ። ማስነሻው ገና መኪናዋ ላይ እንዳልተገጠመ አውቃለሁ።
ቢሆንም።

ባትሪው ስኳር ጣሳው ውስጥ ነው። ሻይህ ውስጥ ስኳር ስትጨምር እያየህ።

እናትህ